አሜሪካ ውስጥ ኮንትራት የሌለው ስልክ፦ ከዋጋው በፊት ምን ልጠይቅ?

አዲስ ሰው አሜሪካ ሲገባ ገና ሻንጣው ሳይፈታ "የማንን መስመር ላውጣ?" ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በዘመዱ ቁጥር ልክ ነው። አንዱ ሜትሮ ይላል፣ ሌላው ሚንት፣ ሦስተኛው "ለምን እኛ ፋሚሊ ፕላን ውስጥ አትገባም" ይለዋል። ሁሉም የሚመክረው ራሱ የያዘውን ነው። የያዘው ደግሞ ለእሱ ሰፈርና ለእሱ ሥራ ስለተመቸው እንጂ ለሌላው ይሆናል ብሎ አጣርቶ አይደለም። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንት ተከራይቶ ለሚማር ልጅና ቀኑን ሙሉ ኡበር ለሚነዳ ሰው አንድ ዓይነት መስመር አይሆናቸውም።

በወር 25 ዶላር የሚበቃውን ነገር 70 እና 80 ዶላር እየከፈለ የሚጠቀም ብዙ ሰው አያለሁ። ተቃራኒውም አለ። በ15 ዶላር ያወጣው መስመር ሥራው ላይ እያስቆመው ጠዋት ማታ ኔትወርኩን የሚያማርር። ሁለቱንም ያመጣው አንድ ነገር ነው፤ ዋጋን ብቻ አወዳድሮ መግዛት። ከዋጋው በፊት የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የማን ኔትወርክ ነው? እዚያ ኔትወርክ ላይስ ከፊት ነው የምሰለፈው ከኋላ? እነዚህን ከመለሳችሁ የቀረው ቀላል ሂሳብ ነው።

ፕሪፔይድ ማለት

አገር ቤት ስልክ ማለት ካርድ መሙላት ነው። *805* ብለን ሞልተን፣ *999# ገብተን ፓኬጅ ገዝተን ነው ያደግነው። አሜሪካኖቹ ፕሪፔይድ የሚሉትም በመሠረቱ ያው ነው። ቀድማችሁ ትከፍላላችሁ፣ ትጠቀማላችሁ፣ ካልከፈላችሁ ይቆማል፣ ዕዳ የሚባል ነገር የለም። የሚለየው በቀን ወይም በሳምንት ሳይሆን በወር፣ አንዳንዱ ጋ በ3 ወር ወይም በዓመት መሸጡ ነው። ክሬዲት፣ ማለትም የብድርና የክፍያ ታሪካችሁ፣ አይታይም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ ገና ያልደረሰው ሰው ሲም ገዝቶ በዚያው ቀን መደወል ይችላል። በዲቪ ለመጣም፣ ጥገኝነት ጠይቆ ወረቀቱን ለሚጠብቅም ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ፖስትፔይድ የሚባለው ትልልቆቹ ኩባንያዎች በዋናው ስማቸው የሚሸጡት ነው። ክሬዲታችሁ ይታያል፣ ቢሉ በየወሩ ይመጣል። የድሮው የ2 ዓመት ኮንትራት ቀርቷል፤ ነገር ግን በስልኩ በኩል ተመልሶ ገብቷል። "ነጻ አይፎን" የሚለው ማስታወቂያ ሲፈታ እንዲህ ነው። የስልኩ ዋጋ በ24 ወይም በ36 ወር ተከፋፍሎ ይጻፍባችኋል፣ ከዚያ በየወሩ ያንኑ ያህል ከቢላችሁ ላይ ይቀነስላችኋል። በመሀል ልውጣ ካላችሁ ቅናሹ ይቆማል፣ የቀረው ዋጋ ግን እናንተው ላይ ይቀራል። የ1,000 ዶላር ስልክ በ36 ወር ወስዳችሁ በ14ኛው ወር ብትወጡ 611 ዶላር ገደማ ትጠየቃላችሁ። ኮንትራት የለም ብሎ የፈረመ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል።

እውነቱን ለመናገር ፖስትፔይድ ሁልጊዜ ውድ አይደለም። አራት አምስት ሆናችሁ አንድ ፋሚሊ ፕላን ውስጥ ከገባችሁ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ከፕሪፔይድ ብዙም ላይርቅ ይችላል። ጠቅላላ ቢሉን ከነታክሱና ከነስልኩ ክፍያ ወስዳችሁ ለሰው ቁጥር አካፍሉት። ለአንድ ሰውና ለሁለት ሰው ግን ፕሪፔይድ ብዙ ጊዜ በሰፊው ይረክሳል።

ስሙ ብዙ፣ ኔትወርኩ ሦስት

ሱቁን ሁሉ የሞላው ስም ሰውን ግራ ያጋባል። ግን አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያዳርስ የራሱ ኔትወርክ ያለው ሦስት ኩባንያ ብቻ ነው፤ ቬራይዘን፣ ኤቲ ኤንድ ቲ እና ቲ-ሞባይል። አራተኛው ስፕሪንት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ከቲ-ሞባይል ጋር ተዋሃደ። ያኔ የስፕሪንት የነበረው ቡስት ሞባይል ዲሽ ለሚባለው የሳተላይት ቴሌቪዥን ኩባንያ ተሸጦ፣ ዲሽ አዲስ አራተኛ ኔትወርክ ይገነባል ተባለ። ግንባታውንም ጀምሮት ነበር። በ2025 ግን እናት ኩባንያው ኤኮስታር የሬዲዮ ሞገዱን ትልቅ ድርሻ በ23 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለኤቲ ኤንድ ቲ ለመሸጥ ተስማማ፣ ቡስትም የሌሎችን ማማ ወደ መጠቀም ተመለሰ። እንግዲህ አሁንም ሦስት ናቸው።

የቀረው ስም ከሞላ ጎደል በሙሉ ከእነዚህ ከአንዱ ወይም ከሁለቱ ላይ ገዝቶ የሚሸጥ ነው። ጥቂቶቹ ጭራሽ የትልቁ ኩባንያ ንብረት ናቸው። ክሪኬት ከ2014 ጀምሮ የኤቲ ኤንድ ቲ ነው። ሜትሮ የቲ-ሞባይል ነው። በማስታወቂያው ብዛት የምታውቁት ሚንት ሞባይልም በ2024 በቲ-ሞባይል ተገዝቷል፣ አልትራ ሞባይልም አብሮት። ቪዝብልን ቬራይዘን ራሱ ነው የፈጠረው። ዋልማርት ውስጥ የምታዩት ስትሬት ቶክ ደግሞ የትራክፎን ነው፣ ትራክፎንን ቬራይዘን በ2021 መጨረሻ ገዝቶታል። ቴሎና ጉግል ፋይ ቲ-ሞባይል ላይ ይሠራሉ። ዩኤስ ሞባይል ለየት ይላል፤ በሦስቱም ላይ ይሸጣል፣ ስትመዘገቡ የትኛውን እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? ሁለት ጓደኛሞች አንዱ ሜትሮ፣ አንዱ ሚንት ይዘው "የእኔ ኔትወርክ ይሻላል" ብለው ሲከራከሩ የሚከራከሩት ስለ አንድ ማማ ነው። ሜትሮ ቤታችሁ ውስጥ አልይዝ ካለ፣ ወደ ሚንት መሄድ ገንዘብ ይቆጥብላችሁ ይሆናል እንጂ ሲግናል አያመጣላችሁም። ወደ ቬራይዘን ወይም ወደ ኤቲ ኤንድ ቲ ወገን ነው መሻገር ያለባችሁ።

ከሦስቱ የቱ ይሻላል የሚለውን አገር አቀፍ ካርታ አይመልሰውም። እናንተ የምትኖሩት አገር አቀፍ ካርታ ላይ አይደለም፤ የምትተኙበት ክፍል፣ የምትሠሩበት ቦታና በመሀል ያለው መንገድ ላይ ነው። ኤፍሲሲ፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት፣ አድራሻ አስገብታችሁ የምታዩበት ካርታ አለው። ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን የሚያሳየው ደጅ ያለውን እንጂ ቤዝመንት ውስጥ ያለውን አይደለም። ከካርታ የሚበልጠው መሞከር ነው። ስልካችሁ ኢሲም (ካርድ ሳይገባ ስልኩ ላይ የሚጫን ሲም) የሚቀበል ከሆነ ቪዝብልና ክሪኬትን ጨምሮ ብዙዎቹ ለተወሰኑ ቀናት የነጻ ሙከራ ይሰጣሉ። የድሮው መስመራችሁ ሳይነካ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛችሁ ትዞራላችሁ። መኝታ ቤት፣ ሥራ ቦታ፣ ዘወትር የምትሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ልጅ የምታወጡበት ትምህርት ቤት በር። አንድ ቅዳሜና እሁድ ይበቃል።

ቤዝመንት ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ከመሬት በታች ሲግናል መጥፋቱ የኩባንያው ድክመት ብቻ አይደለም፣ ኮንክሪትና አፈር ሞገድን ያፍናሉ። መፍትሔው ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ዋይፋይ ኮሊንግ የሚለውን ማብራት ነው። ከዚያ በኋላ ጥሪውም መልእክቱም በቤቱ ዋይፋይ ይመጣል። ብዙ ሰው ይህን ሳያበራ ነው መስመር የሚቀይረው።

ያው ማማ፣ ግን የተለያየ ተራ

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ማስታወቂያ የማይነግራችሁም ይህንን ነው።

"ያው የቬራይዘን ኔትወርክ በግማሽ ዋጋ" ሲባል ውሸት አይደለም። ማማው ያው ነው። ልዩነቱ ማማው ሲጨናነቅ የሚመጣ ነው። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ቧንቧው አንድ ነው፣ የውሃው ግፊት ሲቀንስ ግን ምድር ቤት ያለው ይቀዳል፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ደረቅ ቧንቧ ከፍቶ ያያል። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ አራተኛ ፎቅም ይደርሰዋል። ርካሹ ፕላን አራተኛ ፎቅ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኔትወርኩ እያንዳንዱን ደንበኛ በቅድሚያ ደረጃ ይመድበዋል፣ ቁጥሩ ያነሰው ይቀድማል። ቬራይዘን ላይ ለምሳሌ በተለምዶ ውድ የሆነው የፖስትፔይድ ፕላን 8 ላይ ነው፣ ርካሾቹ 9 ላይ። ማማው ላይ ቦታ ካለ 8 እና 9 ምንም አይለያዩም፣ ሁለቱም ይበራሉ። ቦታ ሲጠብ ግን መጀመሪያ የ8ቱ ይስተናገዳል፣ 9 የተረፈውን ይካፈላል።

ይህ መቼ ይታያል? ዋሽንግተን ናሽናልስ ፓርክ የሚባለው የቤዝቦል ስታዲየም ጨዋታ አልቆ ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሲወጣ አስቡት። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ መኪና ይጠራል፣ ቪዲዮ ይልካል። እዚያው ጥግ ላይ ሹፌር ቆሞ ጥሪ ይጠብቃል። ስልኩ ላይ ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ 5ጂ የሚለውም አለ። አፕሊኬሽኑ ግን ይሽከረከራል፣ ካርታው ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ጥሪው መጥቶ እስኪከፈት ሌላ ሹፌር ወስዶታል። ሹፌሩ "ኔትወርክ የለም" ይላል። ኔትወርክማ አለ፤ እሱ ጋ ሳይደርስ ነው ያለቀው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እዚያው ቦታ ያው ስልክ ያው ፕላን እንደ ልብ ይሠራል። ሲግናል ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት ካልሠራ፣ ያውም ሰው በሚበዛበት ቦታና ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ ችግሩ የሽፋን ሳይሆን የተራ ነው። ስልክ ብትቀይሩ አይፈታም።

እንግዲህ ለማን ያሳስበዋል? ቀኑን ቢሮ ወይም ቤት ዋይፋይ ላይ የሚውል ሰው ልዩነቱን ዓመቱን ሙሉ ላያየው ይችላል። ለእሱ ቅድሚያ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው ብዬ ነው የማምነው። ሹፌር ከሆናችሁ፣ ዴሊቨሪ የምትሠሩ ከሆነ፣ ወይም ሰው ቤት እየሄዳችሁ ታማሚና አረጋዊ የምትንከባከቡና የገባችሁበትን ሰዓት በስልክ አፕ የምታስመዘግቡ ከሆነ ግን ስልኩ የእንጀራ ዕቃ ነው። በወር 10 ወይም 15 ዶላር ጨምራችሁ ቅድሚያ ያለውን ውሰዱ። አንድ ያመለጠ ጥሪ ወይም አንድ ያልተመዘገበ ሰዓት ከዚያ ይበልጣል።

ደግነቱ ቅድሚያ ለማግኘት ፖስትፔይድ መግባት ግዴታ አይደለም። ቪዝብል ርካሹ ፕላኑ ላይ ቅድሚያ የለውም፣ ፕላስ የሚለው ላይ አለው። ዩኤስ ሞባይልም በቬራይዘን በኩል ቅድሚያ ያለው ዳታ ይሸጣል። ጉግል ፋይ የቲ-ሞባይል ደንበኞች ባላቸው ደረጃ ነው የሚስተናገደው። ፕላኑን ስታነቡ "ፕሪሚየም ዳታ" ወይም "ፕራዮሪቲ ዳታ" የሚል ካያችሁ ማለቱ ይህንን ነው። "ኔትወርኩ ሲጨናነቅ ፍጥነቱ ለጊዜው ሊቀንስ ይችላል" የሚል በደቃቅ ፊደል ካያችሁ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ናችሁ።

"አንሊሚትድ" ውስጥ ያለው ገደብ

ሁሉም አንሊሚትድ (ያልተገደበ) ነው የሚለው። ብዙ ጊዜ ሦስት ገደቦች ተደብቀውበታል።

መጀመሪያ የፍጥነት ጣሪያው። ይህን ያህል ጊጋ ከተጠቀማችሁ በኋላ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ብዙዎቹ ጋ ወደ 128 ኪሎቢት በሰከንድ። ቁጥሩ ለብዙ ሰው ምንም አይነግርም፣ ስለዚህ እናስላው። አንድ ሜጋባይት የምትሆን ፎቶ በዚህ ፍጥነት አንድ ደቂቃ ገደማ ትወስዳለች። የቴሌግራም ጽሑፍ ይሄዳል፣ የድምፅ መልእክትም እየተንቀራፈፈ ይሄዳል። ከእናት ጋር በቪዲዮ ማውራት ግን የማይታሰብ ነው። "አልተቋረጠም" ለማለት ያህል እንጂ ኢንተርኔት አለ አይባልም።

ሁለተኛው ቪዲዮ ነው። ርካሽ ፕላኖች ቪዲዮን 480 በሚባለው ጥራት ላይ ይገድቡታል። ስልክ ላይ ብዙም አይታይም፣ ዳታም ይቆጥባል፣ እኔ እንደ ትልቅ ጉድለት አላየውም። ሦስተኛው ሆትስፖት ነው፣ እሱ ግን ይቆጠራል። ላፕቶፕ በስልኩ ላይ አያይዞ የሚማር ወይም ቤቱ ኢንተርኔት የሌለው ሰው ስንት ጊጋ ሆትስፖት እንደተፈቀደና በምን ፍጥነት እንደሆነ ሳያይ መግዛት የለበትም። ስልኩ ላይ ያልተገደበ ሆኖ ሆትስፖቱ 5 ወይም 10 ጊጋ ላይ የሚያልቅ ብዙ አለ።

ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አንሊሚትድ ያስፈልጋችኋል ወይ? ስልኩ ይነግራችኋል። አንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ዩሴጅ የሚለው በወር ቆርጦ ያሳያል። አይፎን ላይ ሴሉላር በሚለው ስር አለ፣ ነገር ግን እዚያ ያለው ቁጥር በየወሩ ራሱን አያጠፋም፣ እናንተ ዜሮ እስክታደርጉት ይደማመራል። አንድ ሰው 300 ጊጋ አይቶ "እኔ በጣም ነው የምጠቀመው" ይልና የሦስት ዓመት ድምር ሆኖ ይገኛል። ገጹን እስከ ታች ውረዱ፣ መጨረሻ የጠፋበት ቀን ተጽፏል፣ አጥፉትና ከወር በኋላ እዩት። ዋይፋይ ያለው ቤት የሚኖር ሰው በወር 5 ጊጋ ሳይሞላ መገኘቱ የተለመደ ነው። ካርታ በሰዓት ጥቂት ሜጋባይት ነው የሚበላው። ዳታ የሚጨርሰው ከቤት ውጪ የሚታይ ቪዲዮ ነው።

ዋጋው ሲፈታ

አሁን ዋጋ። በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ላይ ሦስት ነገር ጠይቁ። ታክስና ክፍያው ውስጡ አለ? ቪዝብል አስገብቶ ነው የሚጽፈው፣ ሚንት ከላይ ይጨምርበታል። ዋጋው አውቶፔይ (በየጊዜው ከካርዳችሁ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ) ላላቸው ብቻ ነው? ብዙዎቹ ላይ ነው፣ ካርዳችሁን ካላስገባችሁ 5 ዶላር ገደማ ሊጨምር ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ የስንት ወር ቅድሚያ ክፍያ ነው የሚለው ነው።

የሚንትን ላሳያችሁ። በወር 15 ዶላር የሚለው ማስታወቂያ ማለት አዲስ ደንበኛ የ3 ወሩን 45 ዶላር በአንድ ጊዜ ከፍሎ ይገባል ማለት ነው። 3 ወሩ ሲያልቅ በዚያው ዋጋ መቀጠል የሚችለው የዓመቱን 180 ዶላርና በላዩ የሚጨመረውን ታክስ በአንድ ጊዜ ከከፈለ ነው። መልሶ በ3 ወር ልክፈል ካለ ዋጋው ከፍ ይላል። ማታለል አይደለም፣ ተጽፏል፣ ግን 180 ዶላር በአንድ ቀን ማውጣት ለማይመቸው ሰው 15 ዶላሩ የእሱ ዋጋ አይደለም። ኔትወርኩን ሳይሞክር ዓመቱን የከፈለ ሰው ደግሞ ኮንትራት የለኝም ማለት አይችልም፣ ገንዘቡ ይዞታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሙከራ፣ ከዚያ አጭሩ ጊዜ፣ ከተመቸ ብቻ ዓመቱ።

ትንሽ ለሚጠቀም ሰው ቴሎ ዓይነቱ ጥሩ ነው። ደቂቃውንና ጊጋውን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፣ ከ5 ዶላር ጀምሮ አለ። ልጆቻቸውን ሊያዩ ከአገር ቤት ለሚመጡ እናትና አባት፣ ቤት ዋይፋይ ካለ፣ ከዚያ በላይ አያስፈልጋቸውም። ግን ሰው ፊት ለፊት አነጋግረው መጨረስ ለሚፈልጉ ትልልቅ ሰዎች ሱቅ ያላቸው ሜትሮና ክሪኬት ይመቻሉ፤ ቪዝብል፣ ሚንትና ዩኤስ ሞባይል ነገራቸው ሁሉ በስልክ አፕና በቻት ነው። የሜትሮና የክሪኬት ሱቆችም ብዙዎቹ የኩባንያው ሳይሆኑ የነጋዴ ናቸው፣ ማስጀመሪያ እያሉ የሚጨምሩት ክፍያ አለ። ደረሰኙን መስመር በመስመር ጠይቁ።

ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ የኤፍሲሲ ደንብ ኩባንያዎች ለእያንዳንዱ ፕላን አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ እንዲያወጡ ያስገድዳል። የታሸገ ምግብ ጀርባ ላይ እንዳለው ሣጥን ይመስላል። ወርሃዊ ዋጋ፣ ተጨማሪ ክፍያ፣ የተለመደ ፍጥነት፣ የዳታ መጠን፣ ሁሉም በአንድ ቦታ አለ። ማስታወቂያውን ትታችሁ ሁለት ሣጥን ጎን ለጎን ከፍታችሁ አወዳድሩ፤ ከዚህ የሚቀል መንገድ የለም።

ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ደግሞ ላይፍላይን የሚባል የመንግሥት ድጎማ አለ። በወር እስከ 9.25 ዶላር ነው፣ አንዳንድ ኩባንያዎች በዚያ ብቻ ሙሉ ነጻ መስመር ይሰጣሉ። ፉድ ስታምፕ (የምግብ ድጎማ) ወይም ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) ያለው ሰው ማመልከት ይችላል፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ነው፣ በየዓመቱም ይታደሳል። ከዚያ የሚበልጠው ኤሲፒ የተባለው የኢንተርኔት ድጎማ ግን ገንዘቡ አልቆ በጁን 2024 ቆሟል። አሁንም በእሱ ስም መረጃችሁን የሚጠይቅ ካገኛችሁ አትስጡ።

ስልኩ ራሱ

ከአዲስ አበባ የመጣ ስልክ እዚህ የማይሠራበት ምክንያት አለ። አሜሪካ 3ጂን በ2022 ሙሉ በሙሉ ዘግታለች፣ ስለዚህ ተራ ጥሪ እንኳን በ4ጂ ላይ ነው የሚሄደው። ስልኩ ያንን በአሜሪካው ኔትወርክ አሠራር ካልቻለ ኢንተርኔት እየሠራ ጥሪ ላይሠራ ይችላል። በዚያ ላይ አገር ቤት የሚሸጡት ብዙዎቹ ቴክኖና ኢንፊኒክስ ስልኮች እዚህ የሚያስፈልጉት ሞገዶች የሏቸውም። ኤቲ ኤንድ ቲ ደግሞ የተፈቀዱ ስልኮች ዝርዝር አለው፣ እዚያ ከሌለ አይቀበልም። *#06# ብላችሁ የሚወጣውን ቁጥር ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ አስገቡ፣ ይሆናል አይሆንም ብሎ ይመልሳል። ሲም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

በተቃራኒው አቅጣጫም ችግር አለ። እዚህ ፕሪፔይድ ሱቅ በ50 ዶላር የሚሸጥ ጥሩ ስልክ ርካሽ የሆነው የተቆለፈ ስለሆነ ነው። ከዚያ ኩባንያ ሲም ሌላ አይቀበልም፣ ለመከፈትም ከወራት እስከ አንድ ዓመት አገልግሎቱን እየከፈሉ መቆየትን ይጠይቃል። ለወንድም ለእህት ተብሎ ተገዝቶ አዲስ አበባ ሲደርስ የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም አይወስድም። ያገለገለ አይፎን ከሰው ስትገዙ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ውስጥ ገብታችሁ ካሪየር ሎክ የሚለው ጋ "ኖ ሲም ሬስትሪክሽንስ" ማለቱን አይታችሁ ገንዘብ ክፈሉ። ሌላም አለ። አሜሪካ ውስጥ የተሸጡ ከአይፎን 14 ወዲህ ያሉ አይፎኖች የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ የላቸውም፣ በኢሲም ብቻ ነው የሚሠሩት። ኢትዮ ቴሌኮም ኢሲም ይሰጣል፣ ግን ስልኩን የምትልኩለት ሰው ቀድሞ ይወቀው።

ወደ ኢትዮጵያ መደወልን በተመለከተ "ወደ 60 አገር በነጻ" የሚል ፕላን ስታዩ ዝርዝሩን ክፈቱት፤ ኢትዮጵያን ያካተተ ማግኘት ከባድ ነው። ለዚህ ብላችሁ ፕላን አትምረጡ። ቤተሰብ ኢንተርኔት ካለው ቴሌግራምና ዋትስአፕ ይበቃል፣ ከሌለው ደግሞ በደቂቃ የሚያስከፍሉ የጥሪ አፖች ከስልክ ኩባንያው ይረክሳሉ።

አገር ቤት ስትሄዱ ዋናው ጭንቀት የባንክ ኮድ ነው። ርካሾቹ ፕላኖች ብዙዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሮሚንግ (በሌላ አገር ኔትወርክ ላይ መሥራት) የላቸውም፣ ባንኩ የሚልከው ኮድ ካልደረሰ ደግሞ የራሳችሁን ገንዘብ ማየት አትችሉም። ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ አሜሪካ ሳላችሁ ዋይፋይ ኮሊንግ አብሩ፣ የሚጠይቀውን የአደጋ ጊዜ አድራሻ ሙሉ፣ ከዚያ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ አድርጋችሁ በዋይፋይ ብቻ መልእክት መምጣቱን ሞክሩ። እዚህ ከሠራ እዚያም አብዛኛውን ጊዜ በዋይፋይ ይሠራል። ውጭ አገር የማይፈቅዱም ስላሉ ኩባንያውን ጠይቁ። የፕላኑ ጊዜም እዚያ እያላችሁ እንዳያልቅ አስቀድማችሁ ክፈሉ፤ ሳይከፈል የቆየ ፕሪፔይድ ቁጥር ይወሰዳል፣ ከተወሰደ በኋላ መመለስ በጣም ከባድ ነው።

ቁጥርን ይዞ መሻገር

ኩባንያ ስትቀይሩ ቁጥራችሁን ይዛችሁ መሄድ መብታችሁ ነው፣ ከልካይ የለም። ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የድሮውን መጀመሪያ አትዝጉ። ከተዘጋ ቁጥሩ ከእጃችሁ ወጣ። ፕሪፔይድ ከሆነም ጊዜው ከማለቁ ሁለት ሦስት ቀን በፊት ጀምሩ።

ከድሮው ኩባንያ ሁለት ነገር ትፈልጋላችሁ፤ የአካውንት ቁጥርና የማዘዋወሪያ ፒን። የማዘዋወሪያው ፒን አካውንት የምትከፍቱበት የይለፍ ቃል አይደለም፣ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የሚወጣ ነው። አብዛኛው ከኩባንያው አፕ ውስጥ ይገኛል፣ በጥቂት ቀናትም ጊዜው ያልፋል፣ ስለዚህ በምትሻገሩበት ቀን አውጡት። ቁጥሩ እንዳይሰረቅ የሚቆልፍ ማብሪያ ካበራችሁ ለዚያ ቀን አጥፉት። ለአዲሱ ኩባንያ ስም፣ ዚፕ ኮድና አካውንት ቁጥሩን ድሮው ጋ እንደተመዘገበው ፊደል በፊደል ስጡ። አንድ ፊደል ከተለየ ይመለሳል፤ የእኛ ስም ደግሞ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በየወረቀቱ ስለሚለያይ ብዙ ጊዜ የሚያደናቅፈው ይህ ነው። ድሮ ቢል ላይ እንዴት እንደተጻፈ አይታችሁ ገልብጡ።

ብዙ ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ዓርብ ማታ አትጀምሩት፣ ነገር ከተጣመመ የሚያናግራችሁ ላይኖር ይችላል። አዲሱ ላይ ጥሪ ከሞከራችሁ በኋላ ባንካችሁ ገብታችሁ ኮድ አስልኩና መድረሱን እዩ። ከዚያ የድሮውን አካውንት ክፈቱና አውቶፔይ መጥፋቱን አረጋግጡ። ያልጠፋ አውቶፔይ ለማትጠቀሙበት መስመር ወር እየጠበቀ ሊቆርጥ ይችላል።